ምንጩ የት ነው?

«ምንጩ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ሳያመነታ «ግሽ ዓባይ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን የምሩን ነበር። የሚጽፈው ስለ ዓባይ ወንዝ ነው። እኔ የጠየቅሁት ጽሑፉን ከየት እንዳመጣው ነው። እሱ የመለሰልኝ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ቃል ስጠራ ሁለቱም ትርጉሞች አብረው ይመጡብኛል። ውሃ የሚፈልቅበትንም፣ ወሬ የሚነሳበትንም እኛ በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው።

እዚህ ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ትልቁ አሳይመንት አንድ ነው፤ ማንም ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ እውቀት፣ ዊኪፒዲያ ላይ አዲስ ጽሑፍ መጻፍ፣ ወይም ያለውን ማሻሻል። (የአማርኛው ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ ነው የሚጠራው። እኔ አፌ የለመደውን ይዤ ልቀጥል።) የሥራ ባልደረቦቼ እንዴት እንደምሠራው ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሻይ ቤት ተቀምጠን በአሥር ደቂቃ የምንጨርሰው ወሬ አልሆነም። ስለዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ጥፋት የእኔ ነበር። ዊኪፒዲያን በየቀኑ አነባለሁ፤ አንድ መስመር ግን ጽፌበት አላውቅም። እንዲሁ አርባ ልጆች ይዤ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። «አካውንት ክፈቱ» አልኋቸው። ስድስት ልጆች ከፈቱ። ሰባተኛዋን እምቢ አላት። ስምንተኛውንም። ኔትወርኩ ነው ብለን ስንታገል ሰዓቱ አለቀ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ዊኪፒዲያ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን ከስድስት አካውንት በላይ አያስከፍትም። አጥፊ ሰው በመቶ ስም እንዳይገባ የተሠራ አጥር ነው። የአንድ ክፍል ኮምፒውተሮች ደግሞ ከውጭ ሲታዩ ብዙ ጊዜ አንድ አድራሻ ናቸው። አሁን ልጆቹ ከሳምንት በፊት በየቤታቸው፣ በየስልካቸው ከፍተው ይመጣሉ። ትንሽ ነገር ናት። ግን የመጀመሪያ ቀን ላይ የልጆችን ሞራል የምትገድለው እሷ ናት።

ቀጥሎ የመጣው ባሰ። በእንግሊዝኛው እንዲጽፉ አዝዣቸው ነበር። ብዙዎቹ ለቱሪስት ከሚታደል ብሮሸር ላይ ቀድተው ለጠፉ። ውቢቷ ባሕር ዳር፣ የዘንባባዋ ከተማ፣ ያላየ የሚቆጭባት። በማግስቱ ስንገባ ግማሹ የለም። የሰው ጽሑፍ መገልበጥ የቅጂ መብት መጣስ ነው። ማስታወቂያ የሚመስል ጽሑፍም እዚያ ቦታ የለውም። የሰረዙት ሰዎች ልክ ነበሩ። ልጆቼ ግን ይህን አያውቁም፤ አልነገርኋቸውማ።

አንዲቱ ስልኳን እንደያዘች ቢሮዬ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ቲቸር፣ እኛ አገር ስለሆነ ነው የሰረዙት?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ልጅቷ አገሯ የተናቀ መሰላት። እኔ ሕጉን አስቀድሜ ባስተምራት ኖሮ እንዲህ ያለ ስሜት ይዛ ወደ ቤቷ አትሄድም ነበር። ያን ክረምት ቁጭ ብዬ ራሴ ጻፍሁ። ተሳሳትሁ። የጻፍሁት ተመለሰብኝ። በውይይት ገጹ ላይ ተከራከርሁ፤ አንዳንዱን ረታሁ፣ አንዳንዱን ተረታሁ። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር ተቀምጦ፣ ዓረፍተ ነገሬን በትዕግሥት ሲያርምልኝ አየሁ። ይህን ሥራ ልጀምር ለሚል መምህር የምለው መጀመሪያ ይህን ነው። ቢያንስ አንድ ክረምት ራሳችሁ ጻፉበት። ተማሪው የሚሰማውን ስሜት ቀድማችሁ ካልቀመሳችሁት ልትመሩት አትችሉም።

በሁለተኛው ዓመት ወደ አማርኛው ዞርን። የእንግሊዝኛው ወደ 7 ሚሊዮን ጽሑፍ አለው። የአማርኛው 15,000 ገደማ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እልህ ያዛቸው። ጥሩ እልህ ነው። እዚህ ላይ ግን ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። ማንም አልሰረዘም። ስሕተት ጻፉ፤ ስሕተቱ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በእንግሊዝኛው ስትሳሳት ብዙ ጊዜ ሻይህን ሳትጨርስ ሰው ይደርስብሃል። የአማርኛውን የሚጠብቁት በጣት የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁሉንም ሊያዩ አይችሉም። የተሳሳተች ዓመተ ምሕረት ለዓመታት ልትቀመጥ ትችላለች። ከዚያ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ለቤት ሥራው ይቀዳታል። ሬዲዮ ላይ ትነበባለች። ፌስቡክ ላይ ትዞራለች። ጽሑፍ ሲሰረዝብን ከፍቶኝ ነበር፤ ሳይሰረዝ ሲቀር ግን ፈራሁ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ እኔው ራሴ እንደሆንሁ የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ምሳሌ። አንድ ልጅ «የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 ዓ.ም. ተቋቋመ» ብሎ ጻፈ። ያነበበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በእርግጥም 1963 ይላል። በሶቪየት ኅብረት ትብብር መሠራቱንም በትክክል ጽፏል። ያ 1963 ግን እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አቆጣጠር 1955 ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩን አንድም ሳይሳሳት ቀድቶ ሰባት ስምንት ዓመት ዘለለ። አሁን ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሌለበትን ረቂቅ ሳላነበው ነው የምመልሰው። ልጆቹ ይነጫነጫሉ። ይነጫነጩ።

ሌላው የፊደላችን ነገር ነው። «ዓባይ» በዐይኑ ዐ፣ «አባይ» በአልፋው አ። ለጆሮ አንድ ነው። ለመፈለጊያው ሳጥን ግን ሁለት የተለያየ ቃል ሊሆን ይችላል። ልጁ በአንዱ ይፈልጋል፤ ያጣዋል፤ የለም ብሎ አዲስ ይጽፋል። በሌላው ፊደል የተጻፈው ግን እዚያው አለ። ስለዚህ «የለም» ከማለታቸው በፊት በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በጸና በፀ ሞክረው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ከተገኘ ያለውን ያሻሽላሉ። ከታጣ በአንዱ አጻጻፍ ይጽፉና ሌሎቹን አጻጻፎች ወደዚያ የሚመሩ ገጾች ያደርጓቸዋል።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ጣና ደሴቶች ልጻፍ አለች። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯ «ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ» የሚል ነበር። ባሕር ዳር ኖሮ ይህን ቁጥር ያልሰማ የለም። ጀልባ ነጂው ይነግርሃል። አስጎብኚው ይነግርሃል።

«ማን ቆጠራቸው?» አልኋት።

«ቲቸር፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል እኮ።»

«እሺ። ከሁሉም ሰው አንዱን አምጪልኝ።»

ሁለት ሳምንት ፈጀባት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ገጹን በአራት ከፍላዋለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ 21 ነው የሚለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ የአገሩ ነዋሪ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች 45 ናቸው እንደሚል ይጽፋል፤ እሱ ራሱ ግን ወደ 11 ቢሆኑ ነው ይላል። 37 የሚለው የሚገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተጻፈ ሥራ ነው። ከእነሱም 19ኙ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው፣ ወይም የነበረባቸው ናቸው። 21፣ 45፣ 11፣ 37።

«የቱ ነው ልክ?» አለችኝ።

ተያይዘን ወጣን። ሐይቁ ዳር ቆመን አየነው። የካቲት ነበር፤ ውሃው ሸሽቷል። በክረምት ተከቦ የነበረ አንድ ጉብታ አሁን ከብት በእግሩ ይሻገርበታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በነሐሴ ደሴት የሆነ በግንቦት ምድር ሊሆን ይችላል። ቋጥኝ ብቻ የሆነው ይቆጠራል? አንድ ዛፍ ብቻ ያለበትስ? የሐይቁ ስፋት ራሱ አንዱ ጋ 3,000፣ ሌላው ጋ 3,200፣ ሌላው ጋ ወደ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሰዎቹ ስለዋሹ አይደለም። ዳሩ ይንቀሳቀሳል።

በመጨረሻ እንዲህ ጻፈች፤ «የጣና ደሴቶች ቁጥር እንደ ውሃው ከፍታና እንደ ቆጣሪው ይለያያል።» ከዚያ አራቱንም ቁጥሮች ከነባለቤቶቻቸው ደረደረቻቸው። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሦስት ሳምንት በላ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። በዚያ ሴሚስተር ካነበብሁት ሁሉ የበለጠ ሥራ ያረፈበት እሱ ነበርና።

ከባዱ ግን ቁጥር አይደለም። እምነት ነው።

አንድ የቄስ ልጅ ስለ ጣና ቂርቆስ ጻፈ። «ታቦተ ጽዮን በዚህ ደሴት 800 ዓመት ቆይታለች» ብሎ ጀመረ። ማን እንደሚለው ጻፍ አልሁት። ፊቱ ጠቆረ።

«‹ይባላል› ብዬ ልጻፍ? ‹ይባላል› ካልሁ እኮ ተጠራጠርሁ ማለት ነው። አባቴ ቢያነበው ምን ይለኛል?»

ብዙ አሰብሁበት። ልጁ እውነት አለው። «ይባላል» ባለቤት የሌለው ቃል ነው። ለአማኙ ጥርጣሬ ይመስለዋል። ለመዝገበ እውቀትም አይበጅም፤ ማን እንዳለው አይናገርምና። «‹ይባላል›ን ተወው፤ የሚለውን በስሙ ጥራው» አልሁት። እንዲህ አደረገው፤ «በገዳሙ ትውፊት መሠረት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በዚህ ደሴት 800 ዓመት ቆይታለች።» ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህማ አባቴም የሚለው ነው» አለ። ትውፊቱን የመዘገበ የታተመ መጽሐፍ ፈልጎ ከሥሩ አስገባ።

ከዚያ የአንድምታን ነገር አነሳሁለት። እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል ይዘው ይተረጉሙታል። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ። ደግሞ «አንድም» ይላሉ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይባረርም። እዚህ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ስንት ዘመን ሲባል የኖረ ነገር ነው። ዊኪፒዲያ ገለልተኛ አመለካከት ብሎ የሚያስቀምጠው ሕግ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የተለያየ ሐሳብ ካለ ሁሉንም ከነባለቤቱ፣ እንደየክብደቱ አስቀምጥ፤ አንተ ዳኛ አትሁን። ለተማሪዎቼ ይህን በእንግሊዝኛ ሕጎች ላስረዳ ሞክሬ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጅቷል። በ«አንድም» ሳስረዳቸው አሥር ደቂቃ በቃኝ።

ነጥብ አሰጣጥ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ጽሑፉ ሳይሰረዝ ቢቆይም ባይቆይም ነጥባቸው አይነካም። የምሰጠው በሙከራ ገጽ ላይ ለጻፉት ረቂቅ፣ ለምንጮቻቸውና በውይይት ገጹ ላይ ለሰጡት መልስ ነው። ነጥቡ በጽሑፉ መቆየት ላይ ከተንጠለጠለ ልጁ ከአራሚው ጋር ጠብ ይገጥማል። ያ ደግሞ በነፃ የሚሠሩትን ሰዎች ማሰልቸት ነው።

ቻትጂፒቲም መጥቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ያማረ ጽሑፍ አመጣልኝ፤ ከሥሩ አምስት መጻሕፍት ተደርድረዋል። «አንዱን አሳየኝ» አልሁት። ቤተ መጻሕፍት ሄደን ፈለግን፤ ኢንተርኔት ላይ ፈለግን። አንዳቸውም የሉም። ደራሲም፣ አሳታሚም፣ ገጽም አላቸው፤ መጽሐፎቹ ግን ተጽፈው አያውቁም። ልጁ ከእኔ የበለጠ ደነገጠ፤ አውቆ አላደረገውም። ከዚያ ወዲህ የምንጩን ገጽ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ከረቂቁ ጋር ያስረክባሉ።

አንድ ምንጭ ብቻ ይዞ ለሚመጣም «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እለዋለሁ። ይገባቸዋል።

ያ «ግሽ ዓባይ» ያለው ልጅስ? ጽሑፉን የጀመረው ከእንግሊዝኛ በመተርጎም ነበር። ትርጉሙ «ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ አገኘ» የሚል ወጣለት። ራሱ የጻፈውን ሲያነብልን ግማሽ ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ እኔ የሰከላ ልጅ ነኝ። ጠበሉ ጋ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ። መቼ ጠፍቶ ነው የተገኘው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህን ጥያቄ እኔ ላመጣው ብሞክር እንዲህ አልጠይቀውም ነበር። ተያይዘን ሠራነው። ከብሩስ 150 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስፔናዊው ካህን ጴድሮ ፓኤዝ ቦታውን አይቶ ጽፏል። ብሩስ ደግሞ የፓኤዝን ምስክርነት አልቀበልም ብሏል። ከሁለቱም በፊት፣ በሁለቱም ጊዜ፣ ከሁለቱም በኋላ እዚያ ሰው ነበር። መንገዱን ለብሩስ ያሳየውም የአገሩ ሰው ነው። ልጁ ብሩስን አልሰረዘውም። «አገኘ»ን አውጥቶ «ደረሰ» አስገባ። ፓኤዝንም ከፊቱ አስቀመጠው። ጽሑፉ ስድብ የለበትም፣ ፉከራም የለበትም። አንድ ግስ ነው የተለወጠው። ከእንግሊዝኛ ዝም ብሎ መተርጎምን የምፈራው ለዚህ ነው። ቃሉ ሲሻገር የተመልካቹም ዓይን አብሮ ይሻገራል። አገሩን ከደጁ ላይ ቆሞ የሚያየው ልጅ የሌላውን ዓይን ተውሶ ይጽፋል።

እስካሁን ያልፈታሁት ነገር አለ። ዊኪፒዲያ ከዚህ በፊት ያልታተመ እውቀትን አይቀበልም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሁሉም በር ከተከፈተ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ግን የእኛ እውቀት ስንቱ ታትሟል? ሐይቁ ዳር ያደገ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል መድረቅ እንዳለበት፣ በእቅፍ በእቅፍ እንዴት እንደሚታሰር፣ አፍንጫው እንዴት ወደ ላይ እንደሚቀለበስ ልጁ በእጁ ያውቀዋል። ስለ ታንኳ ሦስት ገጽ ጻፈ። እንደዚያ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ከሦስቱ ገጽ በታተመ ጽሑፍ ልንደግፈው የቻልነው ግን ግማሽ ገጽ ነው። ሌላውን አስወጣሁት። እያመመኝ ነው ያስወጣሁት።

«አባቴ ምንጭ አይሆንም?» አለኝ።

ይሆናል፤ ግን ለሌላ ዓይነት ጽሑፍ። ቃላቸውን ቀድተህ፣ በጥናት መልክ አሳትመው፤ ያኔ ሌላ ሰው ይጠቅሰዋል አልሁት። ይህ እውነት ነው፤ ግን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሩቅ መንገድ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፎቶ ይፈቀዳል። ራስህ ያነሳኸውን ፎቶ፣ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅደህ፣ የዊኪፒዲያ ፎቶዎች በሚቀመጡበት በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ መጫን ትችላለህ። ጽሑፉ ያልቻለውን ምስሉ ይይዝልናል።

ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄደ። አባቱን ጠይቆ፣ ፈቅደውለት፣ ሲሠሩ አነሳቸው። ፊታቸው እንዳይታይ ፈለጉ፤ ስለዚህ እጃቸውን ብቻ ነው ያነሳው። ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ እርጥብ ገመድ፣ በጉልበት ተይዞ የሚጠብቅ የደንገል እስር። ከኋላ ሐይቁ፣ ዳር ዳሩን እምቦጭ። ሰኞ ዕለት አብረን ጫንነው። ከሥሩ «በጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠራ» ብሎ ጻፈ፤ ቦታውንና ቀኑን ጨመረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ስልኩን ለአባቱ አሳይቷቸው ነበር። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት አለኝ። የተጻፈውን እንዲያነብላቸው ጠየቁት። አነበበላቸው።

«ሲሠራ አይደለም» አሉት። «ያ ያለፈው ታንኳ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። ከላይ አዲስ ደንገል እየጨመርሁበት ነው ያነሳኸኝ።»

እዚያው ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ገጹን ከፈተ። «ሲሠራ» የሚለውን አጥፍቶ «ሲታደስ» ብሎ ጻፈ። ለውጡን ከማስቀመጡ በፊት ምክንያት የሚጻፍባት ጠባብ ሳጥን አለች። ትንሽ አሰበና «ሠሪው አረሙኝ» ብሎ ሞላት።